ከአማኑኤል እስከ ዓባይ በሞተር ብስክሌት

አማኑኤል በማቻከል ወረዳ ውስጥ፥ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከደብረ ማርቆስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮት አይቷት ስሟን ሳይጠይቅ ያልፋል። ለእኛ ለነዋሪዎቿ ግን አማኑኤል በሁለት መንገድ መካከል የቆመች በር ናት፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የወጣ ሰው በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል፥ ወደ ሰሜን ምዕራብ የወጣም በደምበጫና በቡሬ አድርጎ አገው ምድር ይገባል። እኔም ከፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ በተረፈኝ ጊዜ እነዚህን ሁለት መንገዶች በሞተር ብስክሌት ብዙ ዓመት ስለ ተመላለስሁባቸው፥ ያየሁትንና የተማርሁትን ለተከበሩት አንባቢዎች ልጽፍ ወደድሁ።

በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ሞተር መጻፍ ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ሞተር ብስክሌት በገባበት ቤት ጉዳዩ ሁሉ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ወጪው ከቤት ገንዘብ ይወጣል፥ ስጋቱ በሚስትና በልጆች ልብ ያድራል፥ የዘይቱም ሽታ ከነጠላና ከጋቢ ጋራ ይታጠባል።

አባቶቻችን የሰጋር በቅሎን ነገር ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ያውቁ ነበረ። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፥ ኮቴዋን አንሥቶ ይመረምራል፥ አረማመዷንም ለማየት ጥቂት ያስጋልባታል። ከገዛም በኋላ ገብሷንና ውሃዋን፥ በኮርቻ የተላጠ ጀርባዋንም ራሱ ይመለከታል እንጂ ነገሩን ሁሉ ለአሽከር አይተወውም። ሞተር ብስክሌትም በዚሁ ሥርዓት የሚያዝ ነው። ይህ ነገር ከመኪና ይልቅ የበቅሎ ዘመድ መሆኑን የተቀመጠበት ሰው ያውቀዋል፤ መኪና ውስጥ ሰው ይገባል፥ በሞተር ብስክሌት ላይ ግን ሰው ይወጣል። ነፋሱና ዝናቡ፥ የታረሰው መሬት ሽታ፥ የእረኛውም ፉጨት እንደ በቅሎው ዘመን በፊቱ ነው።

የመጀመሪያውን የሠሩት ጀርመኖችም ይህንኑ ያሰቡ ይመስላል። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በፈረንጆች 1885 ዓ.ም. በካንሽታት ከተማ በቤንዚን የሚሄደውን ብስክሌት በሠሩ ጊዜ «ራይትቫገን» አሉት፤ ትርጓሜውም የግልቢያ ሠረገላ ማለት ነው። አካሉ ከእንጨት የተሠራ፥ መቀመጫውም እንደ ኮርቻ ያለ፥ እንዳይወድቅም በግራና በቀኝ ትንንሽ ደጋፊ እግሮች የነበሩት ነው። በዚያ ዘመን በጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነግሠው ነበረ፤ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማም የንግሥናቸው መቀመጫ ነበረች። ዛሬ ከዚያችው ከተማ እስከ አማኑኤል ያለውን መንገድ አንድ ሰው በግማሽ ሰዓት ሲጨርሰው፥ በቅሎ ተጭነው የሄዱት ምን ይሉ ነበረ እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

የእኔ ሞተር ያማሃ የሚባለው፥ ጉልበቱ 125 የሆነ፥ እግረ ረጅም የገጠር ሞተር ነው። በ2003 ዓ.ም. በሐራጅ ሲሸጥ ገዛሁት። የሐራጅ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው በሐራጅ ዋጋ ሲጠራ በመታየቱ ጓደኞቼ እጅግ ሣቁ። (ሐራጁ የሌላ መሥሪያ ቤት እንጂ የእኛ ፍርድ ቤት እንዳልነበረ ለሕሊናዬ ስል እዚህ ላይ አመለክታለሁ።) ባለቤቴ ግን አልሣቀችም። «በዚህ ገንዘብ ላም ብትገዛ ትወልድ ነበረ» አለችኝ። እኔም «በቅሎ ብገዛስ ትወልድ ኖሮአልን?» ብዬ መለስሁላት፤ ነገሩ በዚያን ቀን በዚህ ቀረ።

ያማሃ የሚለው ስም የሰው ስም ነው። ቶራኩሱ ያማሃ የተባለው ጃፓናዊ በ1887 በፈረንጆች ሃማማትሱ በሚባል ከተማ የተበላሸ ኦርጋን እንዲጠግን ተጠርቶ፥ ሲጠግን አሠራሩን ስላወቀው፥ ራሱ ኦርጋን ሠሪ ሆነ። ያቋቋመው የሙዚቃ መሣሪያ ድርጅት ከእርሱ ሞት በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ በ1955 የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት አወጣ፤ ያም እንደ እኔው ባለ 125 ነበረ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ በቤንዚን መያዣው ላይ የተለጠፈው ምልክት የድምፅ መቃኛ የሆኑ ሦስት ባለ ሁለት ጣት ብረቶች ናቸው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የመዝሙር አስተማሪያችን እንደዚህ ያለውን ብረት በጉልበታቸው መትተው በጆሮአችን ያስደምጡን ነበረ። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማ ለተማረ ሰው ደግሞ ሦስቱ ብረቶች ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ያሳስቡታል። ይህን የምለው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የዜማ ጆሮ ያለው ሰው ሞተሩ ሲታመም ከሌላው ቀድሞ ይሰማዋል፤ የላላ ሰንሰለት፥ አየር ያጠረው ካርቡራቶር፥ ያረጀ ኩሽኔታ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ አለው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ብዙ ሰዎች የሞተር ደስታ በመጋለቡ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የደስታው እኩሌታ በመጠገኑ ነው እላለሁ፤ በዚህም ምክንያት ከአንዳንድ ወዳጆቼ ጋራ አልተስማማሁም። አንድ ቀን ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ የሥራ ባልደረባዬ መዝገብ ስሰጣቸው በጥፍሬ ሥር የቀረውን የዘይት ጥቁረት አይተው፥ «ጸሐፊ ሆነህ ሳለ የቀጥቃጭ እጅ ይዘህ ትመጣለህን?» አሉኝ።

እኔም «ጋሼ፥ የአባቶቻችን ቀለም ከምን ይሠራ ነበረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያላቸው ሰው ስለ ሆኑ መልሱን ያውቁታል። ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ተቀምሞ፥ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የሚበስል ነገር ነው። መጽሐፉ የሚጻፍበትም ብራና የፍየል ቆዳ ነው፤ በውሃ ተዘፍዝፎ፥ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ የሚለሰልስ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ መሪጌታችን እስከ ክርናቸው ነጭ ሆነው ብራና ሲፍቁ፥ ጣታቸውም እስከ አንጓው ጠቁሮ ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ሕዝቡም ያን እጅ ይሳለመው ነበረ። በቀለም የጠቆረ እጅ የሚከበር፥ በዘይት የጠቆረ እጅ ግን የሚናቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን በቀጥቃጭነቱ፥ ሸማኔውን በሸማኔነቱ፥ የሚጽፈውንም ጠንቋይ ብሎ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበረ። በዚያው ዓመት ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞላቸው ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ደርሶአል። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት የመጡ መሆናቸው እኔን ያስደንቀኛል፤ መኪናውን ሁላችን ተቀበልነው፥ አዋጁን ግን ገና እያመነታን ነን። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። በሳምንቱ ግን የልጃቸውን ሞተር «እምቢ ብሎአልና ተመልከትልኝ» ብለው ወደ ቤቴ ላኩት።

አሁን ስለ አያያዙ ጥቂት ልናገር፤ ያልፈለገ አንባቢ ይህን አልፎ ዓባይ ዘንድ ይጠብቀኝ። የእኔ ሞተር ሁለት ምት የሚባለው ዓይነት ስለ ሆነ ሁለት ልዩ ልዩ ዘይት ይጠጣል። አንደኛው በራሱ ትንሽ መያዣ ተቀምጦ ከቤንዚኑ ጋራ እየተቀላቀለ የሚቃጠለው ነው፥ ሁለተኛው በታች ሆኖ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን የሚያርሰው ነው። የፊተኛው ባለቀ ጊዜ ፒስቶኑ ያለ ዘይት ይጋልና ከቤቱ ጋራ ተጣብቆ ይቀራል፤ ያን ጊዜ መፍቻ አይረዳም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከጸሎት ቀጥሎ የማየው የዘይቱን መጠን ነው። ሰንሰለቱን በሳምንት አንድ ጊዜ በናፍጣ አጥቤ ዘይት እቀባዋለሁ፤ በእጅ ሲነሣ ሁለት ጣት ያህል መላላት አለበት፥ ከዚያ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል፥ ከላላም ጥርሱን ይዘልላል። በበጋ የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ የጎጃምን አቧራ ሁሉ ስለሚሰበስብ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ መመለስ አለበት። ጎማ ከመንገድ በፊት፥ ቡሎን ደግሞ ከመንገድ በኋላ ይታያል፤ በሻካራ መንገድ የተንቀጠቀጠ ቡሎን ሁሉ ለመሄድ ተዘጋጅቶአልና።

ሐኪም ምላስን አይቶ ሕመምን እንደሚያውቅ፥ የሞተርም ሕመም በካንዴላው ይታወቃል። ተፈትቶ ሲወጣ ጫፉ የቀረፋ መልክ ካለው ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቶበታል፥ የነጣ ከሆነም ቤንዚኑ አንሶት ከመጠን በላይ እየጋለ ነው። ይህም ለእኛ ለደገኞች ልዩ ትርጓሜ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ኃይል አራተኛውን እጅ ያህል ያጣል። በጮቄ ተራራ ወደ 4000 ሜትር ሲጠጋማ ጭራሽ እንደ ሽማግሌ ያለከልካል፥ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ የደጋ ሰው ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቀዳዳ በጠባቡ ቢለውጣት ይሻለዋል። ይህን ያስተማሩኝ በደብረ ማርቆስ ያሉ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ናቸው፤ ፊደል ባይቆጥሩም በእጃቸው ያነብባሉ።

በጋራዥ ውስጥ የሚነገረውም ቋንቋ ለቃል ወዳጅ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ጎማ፥ ካላማዳሪያ፥ ማርሚታ፥ ቡሎን የሚሉት ሁሉ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ተባረረ፤ ቃሉ ግን ተማርኮ ቀርቶ እስከ ዛሬ ድረስ እያገለገለን ነው።

እንግዲህ ወደ ዓባይ እንውረድ። የምነግራችሁ በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ያደረግሁትን ጉዞ ነው። ክረምቱ ወጥቶ፥ የአደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፥ ጤፉም ሊያሸት ሲል፥ ከዚህ የተሻለ የመንገድ ወራት በጎጃም የለም። ከአማኑኤል በማለዳ ተነሥቼ ጋቢዬን ከካፖርቴ በታች ታጠቅሁ፤ የማለዳው ብርድ በጉልበት ይገባልና። ከደብረ ማርቆስ በአምበርና በሉማሜ በኩል እስከ ደጀን ድረስ ያለው መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ሲሄዱ ፊት ለፊት ገደል አለ ብሎ የሚያስብ ሰው የለም። ከደጀን ጥቂት እንደ ራቁ ግን ምድሪቱ በድንገት ትቆረጣለች።

የዓባይ ሸለቆ ከአፉ እስከ ወንዙ 1300 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ከደጀን ወርዶ ማዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጡ ድረስ ያለውም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፥ ከዚያም ሥር ጄሶ ያለበት ልል ምድር፥ ወደ ታች ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይታያል። ወራጁ ሰው የምድርን ታሪክ ከመጨረሻው ምዕራፍ ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይወርዳል። መካከለኛው ምድር ልል ስለ ሆነ በክረምት ይንሸራተታል፥ አስፋልቱም እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ይታጠፋል። ባለ መኪና ይህን በመናወጥ ያልፈዋል፤ ባለ ሁለት እግር ግን እጥፋቱን አስቀድሞ ማየትና ቀጥ ብሎ መሻገር አለበት፥ በአግድም ከያዘው ይጥለዋልና።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ሁለት ምት ሞተር የያዘ ሰው አንድ ነገር እንዲያውቅ አጥብቄ እመክራለሁ። በቁልቁለት ቤንዚን መስጫውን ዘግቶ በማርሽ ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያሳርፋል፤ ነገር ግን ቤንዚኑ ሲዘጋ ዘይቱም ይቀንሳልና፥ ሞተሩ በብዙ ዙር እየተሽከረከረ ሳለ ፒስቶኑ ይደርቃል። ስለዚህ በየጥቂቱ ፍሪሲዮኑን ይዞ ቤንዚኑን ለቅጽበት ከፈት ማድረግ ይገባል። እኔ ይህን ልማድ በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ ላይ አደርገዋለሁ፤ ጭላዳዎቹም ከገደሉ ጫፍ ሆነው ምን ነካው እንደሚሉ ሁሉ ይመለከቱኛል።

እየወረዱ ሲሄዱ አየሩ ይወፍራል፥ ብርዱ ይለቃል፥ ካፖርት ይወልቃል፥ ጋቢ ይፈታል። ሞተሩም ይለወጣል፤ በደጋ ያለከልክ የነበረው በቆላው ውስጥ እንደ ጎረምሳ ይዘልላል። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ በሞተር ላይ አላየሁም። በአንድ ጠዋት ከደጋ ወደ በረሃ ሲወርዱ ሁለቱ አገሮች የሚለያዩበትን ሥፍራ ፊት፥ እጅና ሞተሩ ራሱ ይነግሩአችኋል።

ከድልድዩ ጥቂት ከፍ ብዬ ሳለሁ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። በግራር ጥላ ሥር አቁሜ እግሩን ፈትቼ ካላማዳሪያውን ሳወጣ፥ አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። «ልጄ፥ ኮቴዋ ተነቀለን?» አሉኝ። «አዎን አባቴ፥ እሾህ ገብቶባት ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም አህያቸውን አስረው እግሩን ይዘውልኝ እኔ ስለጥፍና ስነፋ ቆዩ፤ እሾሁንም በጣታቸው ከጎማው ውስጥ ዳስሰው ያገኙት እርሳቸው ናቸው። ልክፈልዎ ብላቸው ተቆጡ። ውሃ ብቻ ከኮዳዬ ጠጥተው ሄዱ።

በሸለቆው ሥር ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንደኛው የቀድሞው ነው፥ ሁለተኛው በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተው፥ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ነው። በጃፓን ሞተር ተቀምጬ በጃፓን ድልድይ ላይ ስሻገር፥ የተበላሸ ኦርጋን ለመጠገን የተጠራው ያ ሰው ትዝ አለኝ። በዚህ ጎዳና ብዙ የውጭ አገር ሞተረኞችም አልፈዋል፤ ከካይሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱት ከሱዳን በመተማ ገብተው ጎንደርንና ጎጃምን አቋርጠው ነበረ የሚሄዱት። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመንም በፈረንጆች ከ1973 ጀምሮ አራት ዓመት ያህል ዓለምን በሞተር ብስክሌት ሲዞር በአገራችን አልፎአል።

ስለ ሰሜኑ መንገድ ባጭሩ ልናገር። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ለማየት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፥ የዓድዋን ድል የሚያስታውስ ነው። ከአማኑኤል ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሄጄ፥ የዘንገናን ሐይቅም በመንገድ ዳር ተመልክቼ ከሜዳው ስደርስ፥ ፈረሶቹ እንዳይደነብሩ ብዬ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቼ በእጄ እየገፋሁ ገባሁ። በቀይና በቢጫ ያጌጡ ፈረሶች በሚሰግሩበት ሜዳ መካከል የእኔ ብረት ታስሮ እንደ ቆመ የጭነት አህያ መሰለ። ማንም አልተመለከተውም፤ ትክክል ነው።

ወደ ቤት ነገር ልመለስና፥ ባለቤቴ በመጨረሻ የተስማማችው ስለ ራስ ቁር ባደረግነው ውል ነው። በዓረቦች ጦርነት ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው ሎረንስ በፈረንጆች 1935 ዓ.ም. ሁለት ብስክሌት ነጂ ልጆችን ላለመግጨት ሲል ከሞተሩ ወድቆ ራሱ ስለ ተሰበረ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ ይህ ሞት ልቡን ስለ ነካው ነገሩን መርምሮ፥ በ1941 የራስ ቁር ሕይወት እንደሚያድን በጽሑፍ አስረዳ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር መልእክት ለሚያደርሱ ሞተረኞቹ የራስ ቁርን ግዴታ አደረገ። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ባነበብሁላት ጊዜ፥ «እንግዲያውስ ሁለት ግዛ፥ አንዱ ለእኔ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ገበያ አብረን ሄደናል። ልጆቻችንን ግን በሞተር ላይ ሦስተኛና አራተኛ አድርጎ መጫንን በከተማችን ብዙ ጊዜ ባየውም፥ አባት የሆነ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው አላውቅም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው የጦር ግጭት ምክንያት ይህ ሁሉ መንገድ እንደ ቀድሞው ለሽርሽር የሚወጣበት መሆኑ ቀርቶአል። ብዙ ጊዜ ተዘግቶአል፥ ብዙ መንገደኛም ተንገላትቶበታል። የእኔም ሞተር በጓዳው በር አጠገብ ቆሞአል። እንደ እኔ ሞተሩን ለማቆም የተገደደ አንባቢ ይኖር ይሆናልና የማደርገውን ልጻፍለት። ቤንዚኑን ከካርቡራቶሩ አንጠፍጥፎ ማውጣት ያስፈልጋል፥ ቆይቶ እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናልና። ካንዴላውን ፈትቶ በማንኪያ ጥቂት ዘይት ማፍሰስና በእግር ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር ነው፥ ፒስቶኑ እንዳይዝግ። ጎማዎቹ በአንድ ወገን ተጭነው እንዳይጣመሙ ሞተሩን በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፥ በወር አንድ ጊዜም እግሮቹን በእጅ ማሽከርከር ይገባል። ባትሪው ካለ ተፈትቶ በደረቅ ሥፍራ ይቀመጥ። የማርሚታውን አፍ በጨርቅ መድፈን እንዳይረሳ፤ አይጥ ይገባበታል።